አቅማቸውን ሳንነጥቅ እንንከባከባቸው፦ አረጋውያንን በቤት ለሚያስታምሙ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ አስታማሚ የሚሳሳተው ከክፋት ሳይሆን ከደግነት ብዛት ነው። እናት ማንኪያ ሲያነሱ እጃቸው ዘገየ ብሎ ማንኪያውን ይቀበልና ያጎርሳቸዋል። አባት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ሲታገሉ "ይተዉት፣ እኔ እቆልፍልዎታለሁ" ይላል። ከአልጋ ልነሳ ሲሉ ደግሞ "አረፍ ይበሉ እንጂ፣ ምን አስቸኮለዎት?" ይባላሉ። ነገሩ ፍቅር ነው፤ ማንም አይክደውም። ችግሩ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ጉልበት ካልተሠራበት ቶሎ ይከዳል። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ሲጠና፣ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። ልብ በሉ፤ አልታመሙም። የተኙ ብቻ ናቸው።

አሜሪካዊቷ ነርስ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን የነርስን ሥራ ስታስረዳ፣ ሰውየው ጉልበቱ፣ ፈቃዱና እውቀቱ ቢኖረው ኖሮ ራሱ ያደርገው የነበረውን እንዲያደርግ ማገዝ ነው ትላለች። ያውም ቶሎ ራሱን በሚያስችለው መንገድ። እዚህ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ አይርቅም። እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት "ይህን እስከ የት ድረስ ራሳቸው ይችሉታል?" በሉ። ከዚያ የጎደለውን ብቻ ሙሉ። አዎ፣ ጊዜ ይፈጃል። እናንተ በ5 ደቂቃ የምታለብሱትን ልብስ እሳቸው በ20 ደቂቃ ይለብሱት ይሆናል። ያ 20 ደቂቃ ግን የዕለቱ ስፖርታቸው ነው።

1. የዘወትር ሁኔታቸውን ጻፉ

አንድ ደብተር ግዙ። ዘመናዊ ነገር አያስፈልግም። ጤናቸው ደህና በሆነበት ሰሞን የሚከተሉትን መዝግቡ፦ ሽንት ቤት ድረስ ያለ ድጋፍ ይሄዳሉ ወይ? በቀን ምን ያህል ይበላሉ፣ ይጠጣሉ? ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ? ሰገራ በስንት ቀን ይወጣሉ? ወሬ ይከተላሉ? ቀኑን ያውቃሉ? የደም ግፊታቸው፣ የሰውነት ሙቀታቸውና ክብደታቸውስ?

ይህ ለምን ይጠቅማል? በሽታ በአረጋዊ ሰው ላይ እንደ ወጣት ፊት ለፊት አይመጣም። የሳንባ ምች ያለ ሳልና ያለ ትኩሳት ሊገባ ይችላል። የምታዩት "ዛሬ ከወንበሩ አልተነሱም" ወይም "ምሳቸውን ገፉት" የሚል ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። የዘወትሩን የማያውቅ ሰው ይህን "እርጅና ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ትኩሳትን በተመለከተ፣ የብዙ አረጋውያን ሙቀት ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ በአፍ ተለክቶ ከ37.8 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከራሳቸው የዘወትር ልክ ከ1 ዲግሪ በላይ ከጨመረ እንደ ትኩሳት ቁጠሩት። "38 አልሞላም" ብላችሁ አትጠብቁ።

ክብደትን በወር አንዴ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ መዝኑ። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ ሳያስቡት ከቀነሱ ሐኪም ይያቸው። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ ሰው 5 በመቶ ማለት 3 ኪሎ ነው። ሚዛን ከሌለ ቀበቶአቸው፣ ቀለበታቸውና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ይነግራችኋል፤ ሦስቱም መላላት ይጀምራሉ።

የደም ግፊት ስትለኩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይንካ፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ይረፍ። ከዚያ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና ባይጠጡ ይመረጣል። እየለካችሁ አታውሯቸው፤ ወሬ ብቻውን ግፊት ከፍ ያደርጋል።

2. ከአልጋ ማንሳት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ጉዳት ከሚደርስባቸው ጊዜያት ዋነኛው ይህ ነው፤ በእሳቸውም ላይ፣ በእናንተም ወገብ ላይ።

ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ደም ወደ እግር ይወርዳል። ወጣት ሰውነት ወዲያው ያስተካክለዋል። በአረጋዊ ሰው ላይ ግን ማስተካከያው ይዘገያል። የደም ግፊት መድኃኒት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ ላይኛው የግፊት ቁጥር በ20፣ ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ ችግር አለ ማለት ነው። ዓይናቸው ይጨልማል፣ ጉልበታቸው ይከዳል፣ ይወድቃሉ። እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ ከመነሳታቸው በፊት ተኝተው ሳሉ እግራቸውን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች 10 ጊዜ ያንቀሳቅሱ።

ሁለተኛ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ወደ እናንተ በጎን ይዙሩ። አንድ ወገናቸው የደከመ ከሆነ ወደ ጠንካራው ጎን ቢዞሩ ይቀላቸዋል። እግራቸው ከአልጋው ጫፍ ሲወርድ በክርናቸውና በእጃቸው አልጋውን እየገፉ ይነሱ። የእናንተ እጅ ከትከሻቸው ጀርባ ይሁን። የምትገፉት እናንተ አይደላችሁም፤ የሚገፉት እሳቸው ናቸው። እናንተ እንዳይመለሱ ብቻ ትይዛላችሁ።

ሦስተኛ፣ የአልጋው ጫፍ ላይ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይቀመጡ። ሁለቱም እግር መሬት ይንካ። "ያዞርዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ፊታቸውንም እዩ፤ ሰው አፍሮ "ደህና ነኝ" ሊል ይችላል፣ ፊቱ ሲገረጣና ሲያልበው ግን አይደበቅም።

አራተኛ፣ ወደ ጫፉ ቀረብ ይበሉ፣ ተረከዛቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ከዚያ ወደ ፊት ያዘንብሉ። አፍንጫቸው ከእግራቸው ጣት በላይ ሲደርስ መቀመጫቸው በራሱ ይቀልላል። በብዛት የሚረሳው ይህ ማዘንበል ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ለመነሳት የሚታገል ሰው ጉልበት ስላጣ ሳይሆን ስላላዘነበለ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ ከቆሙ በኋላ ትንሽ ይቁሙ። ከዚያ ይራመዱ።

በብብታቸው ሥር ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ትከሻ ይወልቃል። አንገታችሁ ላይ እንዲንጠለጠሉም አትፍቀዱ። እናንተ ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ ወገባችሁን አታጉብጡ። ከአልጋ ወደ ወንበር ወይም ወደ ዊልቸር የምታዛውሩ ከሆነ ወንበሩ በጠንካራ ጎናቸው በኩል ይቀመጥ፣ የዊልቸሩም ፍሬን ይያዝ።

ምርኩዝም ቢሆን የሚያዘው በጠንካራው ጎን እጅ ነው። ብዙ ሰው የሚያመውን እግር ለመደገፍ ብሎ በዚያው ጎን ይይዛል፤ ተገላቢጦሽ ነው። ደረጃ ሲወጡ ጠንካራው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ደካማው። ልብስ ሲለብሱ ከደካማው ክንድ ይጀምሩ፣ ሲያወልቁ ከጠንካራው።

3. መውደቅን መከላከል

ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ 3 ሰዎች አንዱ ገደማ በዓመት ቢያንስ አንዴ ይወድቃል። ብዙዎቹ ወድቀው አይናገሩም፤ "ከእንግዲህ ብቻህን አትወጣም እባላለሁ" ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ በቁጣ አትጠይቁ።

ቤቱን በእሳቸው እግር ሂዱበት። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ በሌሊት፣ መብራት ሳታበሩ አንዴ ተመላለሱበት። የሚያደናቅፋችሁ ነገር ሁሉ እሳቸውን ይጥላል። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ ይያዝ። በአልጋው አጠገብ በቀላሉ የሚበራ መብራት ይኑር። ሽንት ቤትና መታጠቢያ ውስጥ ግድግዳው ላይ በደንብ የታሰረ መያዣ ብረት ይግባ፤ የፎጣ መስቀያ ሰው አይሸከምም። ነጠላ ጫማ ይቅርና ተረከዝ የሚይዝ፣ የማይንሸራተት ጫማ ያድርጉ። ካልሲ ብቻ አድርጎ ለስላሳ ወለል ላይ መሄድ አደጋ ነው።

ቤት ማስተካከል ግን ግማሽ መንገድ ነው። ዋናው እግራቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት 2 ቀንና ከዚያ በላይ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፣ 3 ቀንና ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ ልምምድ ይመክራል። ቁጥሩ አያስፈራችሁ። ያን ያህል የማይችል ሰው የሚችለውን ያህል ቢያደርግ ከምንም ይሻላል።

ለመጀመር ከሁሉ የሚሻለው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት። መጀመሪያ በእጃቸው ወንበሩን ተደግፈው 5 ጊዜ ይነሱ። ሲለምዱት ቁጥሩን ጨምሩ። በኋላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይሞክሩ። መሻሻሉን ለማወቅ በ30 ሰከንድ ውስጥ እጅ ሳይጠቀሙ ስንት ጊዜ እንደተነሱ ቁጠሩ። ከ75 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ ለወንድ ከ11፣ ለሴት ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል። ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ ከወር በኋላ ድገሙት። ለሚዛን ደግሞ የኩሽና ጠረጴዛ ወይም ጠንካራ ወንበር ይዘው አንድ እግራቸውን ለጥቂት ሰከንድ ያንሱ። እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። ደረት ከጨነቃቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ይቁም።

*ከወደቁስ?* አትሩጡና አታንሱ። መጀመሪያ ባሉበት ሆነው ይተንፍሱ። የት እንደሚያማቸው ጠይቁ። ጭንቅላታቸውን መትቷቸዋል? አንዱ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ይታያል? እንዲህ ከሆነ ዳሌ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል አታንቀሳቅሷቸው፤ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ እርዳታ ጥሩ። ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰው እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደህና ቢመስሉም ሆስፒታል ይሂዱ። ጉዳት ከሌለ በጎን ይዙሩ፣ በእጅና በጉልበታቸው ይሁኑ፣ ወንበር አቅርቡላቸው፣ ጠንካራ እግራቸውን አስቀድመው ራሳቸው ይነሱ።

4. ቆዳ፣ በተለይ አልጋ ላይ ለሚውሉ

የአልጋ ቁስል የሚመጣው አጥንት ከውስጥ፣ ፍራሽ ከውጭ ሆነው መሐል ያለውን ሥጋ ሲጨፈልቁት ነው። ደም አይደርሰውም፣ ይሞታል። ላይ ላዩን ትንሽ የመሰለ ቁስል ከሥር እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ለማዳን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

በየቀኑ፣ ሲታጠቡ ወይም ልብስ ሲቀይሩ፣ እነዚህን ቦታዎች እዩ፦ ከመቀመጫ በላይ ያለው የጀርባ መጨረሻ፣ ዳሌ በሁለቱም ጎን፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ኋላ፣ ጆሮ። ቀላ ያለ ቦታ ካገኛችሁ በጣታችሁ ጫን አድርጉና ልቀቁት። ስትለቁት ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደም አሁንም ይዘዋወራል፤ ጫናውን አንሱና ቆይታችሁ ድጋሚ እዩት። ቀይ እንደሆነ ከቀረ ግን ቁስሉ ተጀምሯል።

ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላት በግልጽ አይታይም። ብዙ ጽሑፍ ይህን ይዘነጋዋል። በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱት። ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ሲነካ የሚያማቸው፣ ከወትሮው የጠቆረ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቦታ ከሆነ እንደ ቀይ ቁጠሩት።

ራሳቸው መዞር የማይችሉትን በየ2 ሰዓቱ አዙሯቸው። ሙሉ በሙሉ በጎን አታስተኟቸው፤ ዳሌ ላይ ክብደት ይወድቃል። ከጀርባቸው ትራስ አድርጋችሁ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘንብሉ። ተረከዛቸው ፍራሽ እንዳይነካ ባታቸው ሥር ትራስ አድርጉ፤ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። በጉልበቶቻቸው መሐልም ትራስ ይግባ። ወደ ላይ ስትስቧቸው በአንሶላ ሁለት ሆናችሁ አንሱ እንጂ አትጎትቱ፤ ቆዳው በፍራሹ ይላጣል። ወንበር ላይ የሚውሉም ቢሆኑ በየሰዓቱ፣ ከተቻለም ከዚያ ቶሎ ቶሎ ብድግ ይበሉ ወይም ይነቃነቁ።

የቀላውን ቦታ በቅባት አትሹት። ከሥሩ የተጎዳውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስም አታስቀምጡ፤ ጫናውን ዙሪያውን ያበዛዋል። ሽንትና ላብ የነካው ቆዳ ቶሎ ይታጠብ፣ ሳይፈተግ ይድረቅ፣ እርጥበት የሚከላከል ቅባት ይደረግበት።

5. ገላ፣ አፍ፣ እግር

ገላ በየቀኑ መታጠብ የግድ አይደለም። የአረጋዊ ቆዳ ደረቅ ነው፤ ብዙ ሳሙና ያሳክከዋል። ፊት፣ እጅ፣ ብብትና የብልት አካባቢ ግን በየቀኑ ይታጠብ። ለሴቶች ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚጠረገው። ውሃውን በእናንተ ክርን ሞክሩ፤ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰው እግራቸው ሙቀት ላይለይ ይችላል። ያልታጠበውን ክፍል በፎጣ ሸፍኑ። የሚነካው የእናንተ እናት ወይም አባት ገላ መሆኑን አትርሱ፤ "አሁን ጀርባዎን ላጥብ?" ብሎ ማስፈቀድ ብዙ ሐፍረት ያስቀራል።

አፍ የማይገባውን ያህል ይረሳል። በአፍ ውስጥ የሚራባው ጀርም ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይወርድና የሳንባ ምች ያመጣል። ጥርስ በቀን ሁለቴ ይቦረሽ። ጥርስ ባይኖርም ድድና ምላስ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ወልቆ፣ ተቦርሾ፣ ውሃ ውስጥ ይደር።

እግርን በየቀኑ እዩ፤ በጣቶች መሐል ሳይቀር። ከታጠበ በኋላ መሐሉ በደንብ ይድረቅ፣ ቅባትም እዚያ አይግባ። ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ጫማ ከማጥለቃቸው በፊት እጃችሁን ከትታችሁ ጠጠር ካለ አውጡ።

6. ምግብና ውሃ

በዕድሜ ብዛት የውሃ ጥም ስሜት ይደክማል። "ጠምቶዎታል?" ብትሉ "አይ" ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው፤ ሰውነታቸው ግን ደርቋል። ስለዚህ አትጠይቁ፣ አቅርቡ። በአጠቃላይ ለሴት በቀን 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ያህል የሚጠጣ ነገር ይመከራል፤ ሻይ፣ ወተትና ሾርባም ይቆጠራል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት በሽታ ያለባቸው ግን ልካቸውን ሐኪም ይወስንላቸው። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብላችሁ ውሃ አትከልክሉ፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጣል፣ ነገሩን ያብሰዋል።

ምግብ ላይ የሚጎድለው በብዛት ፕሮቲን ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም። የኩላሊት ሕመም ካለ ሐኪም ይጠየቅ። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ዓሣ፣ ሥጋና ጥራጥሬ ይሰጣሉ። ለአንዴ ከማከማቸት ለሦስቱ ገበታ ማካፈል ይሻላል። ምግብ እምቢ ያሉ ሰው ሁሉ የምግብ ፍላጎት አጥተው አይደለም። ጥርሳቸው ያማቸዋል፣ ሰገራ ደርቆባቸዋል፣ ወይም ብቻቸውን መብላት ሰልችቷቸዋል። አብራችሁ ብሉ።

ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ጉርሻው ትንሽ ይሁን። ሳይውጡ ሌላ አትጨምሩ። ከበሉ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አይተኙ። ሲበሉ ትን የሚላቸው፣ የሚያስላቸው፣ ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ የያዘ የሚመስል ከሆነ የመዋጥ ችግር ስላለ ይመርመሩ።

7. ሽንትና ሰገራ

ሽንት ማምለጥ የዕድሜ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚታከም ምክንያት አለው። ወደ ዳይፐር ከመሮጥ በፊት በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ሽንት ቤት እንዲሄዱ አስታውሷቸው። በቀላሉ የሚወልቅ ሱሪ ይልበሱ። ሽንት ቤት መድረስ የሚችሉ ሰው ዳይፐር ካደረጋችሁላቸው መሄዱን ሊተዉት ይችላሉ። ለአስታማሚ ይመቻል፣ ለእሳቸው ግን ኪሳራ ነው።

ለሆድ ድርቀት ውሃ፣ አትክልት፣ እንቅስቃሴ፣ ከቁርስም በኋላ ሳይቸኩሉ ሽንት ቤት መቀመጥ ይረዳል። እግራቸው ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ብታደርጉ ለመግፋት ይመቻቸዋል። ለብዙ ቀናት ደርቆ ከቆየ በኋላ ቀጭን ተቅማጥ ከመጣ፣ ተቅማጡ በደረቀው ዙሪያ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። የተቅማጥ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ይታዩ።

8. መድኃኒት

5 እና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉንም፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም፣ ባህላዊውንም፣ በአንድ ከረጢት ይዞ ቢያንስ በዓመት አንዴ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያሳይ። "ይህ ለምንድን ነው? አሁንም ያስፈልጋል?" ብላችሁ ለእያንዳንዱ ጠይቁ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ታዘዘ። አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል። እብጠቱ እንደ አዲስ በሽታ ታየና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ተጨመረ። አሁን ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ። በጨለማ ይወድቃሉ። እንቅልፍ አጣሁ ሲሉም የእንቅልፍ ክኒን ይታዘዛል። አራተኛው ችግር ላይ የቆመ ሰው የመጀመሪያውን ክኒን አያስታውስም። ለዚህ ነው አዲስ ምልክት በመጣ ቁጥር "በቅርቡ የተጀመረ ወይም መጠኑ የተቀየረ መድኃኒት አለ?" የሚለው ጥያቄ መቅደም ያለበት።

በተለይ የሚጠነቀቁባቸው፦ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች ይጥላሉ፣ ያደናግራሉ። የሚያስተኙ የአለርጂና የጉንፋን ክኒኖች ሽንት ያግዳሉ፣ አእምሮን ያጨልማሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደን መድኃኒት ግን በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ። ክኒንም ዝም ብላችሁ አትፍጩ፤ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ተፈጭቶ ከተዋጠ የሙሉ ቀኑ መጠን በአንዴ ይገባል።

9. ድንገት ግራ ሲጋቡ

ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ሰው አልለይ ካሉ፣ የሌለ ነገር ካዩ፣ ወይም ዝም ብለው ካንቀላፉ ይህ የመርሳት በሽታ አይደለም። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በቀናት የመጣ፣ አንዴ ሻል አንዴ ባስ የሚል መደናገር ዴሊሪየም ይባላል። ድንገተኛ ሕመም ነው። የሚያንቀላፋው ዓይነት ይበልጥ ይታለፋል፤ ሰው "እፎይ፣ ዛሬ ተኙልን" ይላል።

ምክንያቱን ፈልጉ፦ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ ሽንት መታገድ፣ ሆድ ድርቀት፣ ሕመም፣ አዲስ መድኃኒት። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ መጀመሪያ ስኳራቸውን ለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር በውሃ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጡ። ሐኪም ጋ እስኪደርሱ መነጽራቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው አይለያቸው። ክፍሉ ቀን ብርሃን፣ ማታ ጸጥታ ይኑረው። ስማችሁን እየነገራችሁ በአጭሩ አውሩ፤ አትከራከሩ። አልጋ ላይ አትሰሯቸው።

ድብርትም ራሱን ደብቆ ይመጣል። ማልቀስ ሳይኖር ሰውነቴን ይቆረጥመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ምንም አያስደስተኝም የሚል ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ይታከማል። "መሞት ይሻለኛል" ካሉ እንደ ዋዛ አትለፉት፤ በግልጽ ጠይቋቸው፣ ለሐኪምም ንገሩ። ከሰው የራቁትም ሁልጊዜ ሰው ጠልተው ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው ከወሬው የወጡት። የጆሮ ኩክ ማስወጣት ብቻ የፈታው ስንት "መርሳት" አለ!

10. ክትባት፣ ምርመራና ጊዜ የማይሰጥ ምልክት

የኢንፍሉዌንዛ፣ የኒሞኮካል (የሳንባ ምች)፣ የኮቪድና የአልማዝ ባለጭራ ክትባት የሚገኝበት ቦታ ካላችሁ ጠይቁ። ዓይን በዓመት አንዴ ይታይ። ትንባሆ የሚያጨሱ ከሆነ በ70 ዓመትም ማቆም ይጠቅማል።

ፊት አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ድንገተኛ የልብ ጥቃትም (ሃርት አታክ) በአረጋዊ ላይ ያለ ደረት ሕመም፣ በትንፋሽ ማጠርና በላብ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ጥቁር ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመሽናት፣ ትን ብሎ መተንፈስ ማቃትም እስከ ነገ አይቆዩም።

11. ተተኪ አዘጋጁ

አንድ ሰው ሌት ተቀን ብቻውን ማስታመም አይችልም። ይታመማል፣ ይበሳጫል፣ ሳያስበው ይጮኻል። ስለዚህ ገና ሳትደክሙ ተራ ተካፈሉ። ተራ የሚቀበለው ሰው ግን ሁሉን ከዜሮ እንዳይጀምር አንድ ገጽ ጻፉለትና ደብተሩ ውስጥ አድርጉት፦ ምን ራሳቸው ይችላሉ፣ የትኛው ጎናቸው ጠንካራ ነው፣ መድኃኒታቸው በስንት ሰዓት ነው፣ ምን ሲበሉ ትን ይላቸዋል፣ መጨረሻ የዞሩት መቼ ነው፣ ሰገራ የወጡት መቼ ነው፣ የሐኪሙ ስልክ የት አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይቆልፋሉ፤ ጠብቃቸው" ብላችሁ ጻፉ።